ወገን ያልመጣለትን ታካሚ ማን ይሸኘው?

ሲስተር (ጥያቄውን ያነሳችው)፦
ጅማ ውስጥ ነርስ ነኝ። በቡናው ወቅት አንድ አባት ዋርዳችን ውስጥ አረፉ። 11 ቀን ተኝተዋል፤ አስታማሚ አልነበራቸውም። ለለቀማ ወደ ሊሙ እንደመጡ ብቻ ነግረውናል። ሲያርፉ የጽዳት ሠራተኛዋ ፊታቸውን አጠበች። ጥበቃው ሮጦ አቡጀዲ ገዛ። እኛም አዋጣን። ወደ ሬሳ ክፍል ከመወሰዳቸው በፊት አልጋቸውን ከበን ለአንድ ደቂቃ ያህል በዝምታ ቆምን። ማዘጋጃ ቤቱ ሲቀብራቸውም ሦስታችን አብረን ሄድን። ስንመለስ አለቃችን ተቆጣ። «የእናንተ ሥራ ማከም ነው፤ መቅበር የማዘጋጃ ቤት ነው» አለን። እኔ ትክክል ነበርን ባይ ነኝ። እናንተስ?

ከአጂፕ ሰፈር፦
አለቃሽ ክፉ ሰው ሆኖ አይመስለኝም። ሦስት ነርስ ቀብር ሲሄድ ዋርዱን ማን ያዘው? እናቴን ሳስታምም ግሉኮሷ አልቆ የሚቀይር ሰው ፍለጋ ኮሪደሩን ስመላለስ አምሽቻለሁ። ለሞተው አዝናለሁ። ግን ነፍስ ያለው ይቀድማል።

ሲስተር፦
ተረኛ አልነበርንም። ከአዳር ወጥተን ነው የሄድነው። ይህን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።

የእድር ጸሐፊ፦
እውነቱን ልናገር። እድር የሚቀብረው አባሉንና የአባሉን ቤተሰብ ነው። መዋጮ ላልከፈለ ሰው ጡሩምባ አይነፋም። ይህን ስጽፍ ያመኛል። የቀን ሠራተኛ ዛሬ ሊሙ ነው፣ ነገ ጌራ። የት ተቀምጦ እድር ይገባል? ቡናችንን የሚለቅመው እሱ ነው፤ ሲሞት ግን የማንም አይደለም። እነ ሲስተር የሠሩት የእኛን ሥራ ነው። ድንኳንና ንፍሮ ይቅር። አፈር የሚያለብሱ አራት ሰዎችና አንድ መኪና ይበቃል። የከተማው እድሮች በየተራ ቢይዙት ማንም አይደኸይም። በሚቀጥለው ስብሰባ አነሳዋለሁ።

ከሄርማታ፦
እኔን የሚያሳስበኝ እምነታቸው ነው። ሙስሊም ከሆኑ ትጥበት አለ፣ ከፈን አለ፣ የጀናዛ ሰላት አለ። ይህ ለዘመድ ብቻ የተተወ አይደለም። ፈርድ ኪፋያ ነው፤ ማንም ሳይፈጽመው ከቀረ ሁላችንም እንጠየቅበታለን። መስጊድ ብትነግሩን ኖሮ የሚመጣ አይጠፋም ነበር። ኦርቶዶክስ ከሆኑ ደግሞ ግንዘቱና ፍትሐቱ አለ። ልባችሁ ደግ ነው፣ አልጠራጠርም። ግን የሰውየውን ሥርዓት ሳታውቁ በራሳችሁ ሥርዓት እንዳትሸኟቸው እሰጋለሁ። እምነታቸውን ታውቁ ነበር?

ሲስተር፦
አናውቅም ነበር። ስማቸው ለሁለቱም የሚሆን ስም ነው። 11 ቀን ሙሉ ሙቀትና ግፊት ለካን። ማን እንደሆኑ ግን አልጠየቅናቸውም። የአለቃዬን ቁጣ ረስቼዋለሁ፤ ይህ ግን ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።

የሕክምና ተማሪ፦
ማንም ያላነሳውን ላንሳ። እኛ አናቶሚ የምንማርበት አስከሬን ብዙ ጊዜ ባለቤት ያልቀረበለት ሰው ነው። ፈቃዱን ማንም አልጠየቀውም። ትምህርቱ ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ሐኪም አይወጣም። ግን የመጀመሪያ ቀን ገብተን ቀጥታ ወደ ሥራ ነው የሄድነው፤ አንድ ቃል የተናገረ የለም። ታይላንድ ውስጥ ተማሪዎች የሚማሩበትን አስከሬን «ታላቁ መምህር» ይሉታል፤ ትምህርቱ ሲያልቅም በሥርዓት ይሸኙታል። እነ ሲስተር የቆሟትን አንድ ደቂቃ እኛም ብንቆም ምን ይጎድልብናል?

ነርስ፣ ከአዲስ አበባ፦
ከቀብሩ በፊት ያለውም ይታሰብ። ሳንድራ ክላርክ የምትባል አሜሪካዊት ነርስ አለች፣ ኦሪገን። በ1986 እ.ኤ.አ. አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው እንድትቀመጥ ለመኗት። ሌሎች ታካሚዎች ነበሯትና «እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። ስትመለስ ብቻቸውን ሞተው አገኘቻቸው። በ2001 እ.ኤ.አ. እዚያው ሆስፒታል ወገን የሌለው ታካሚ ብቻውን እንዳይሞት በፈቃደኞች የሚሠራ አገልግሎት አስጀመረች። አጠገባቸው ተራ ገብተው የሚቀመጡት ነርሶች ብቻ አይደሉም፤ ሌሎች የሆስፒታሉ ሠራተኞችም አሉበት። እኔም «መጣሁ አባባ» ብዬ ያልተመለስኩባቸው ቀናት አሉ።

ከአጂፕ ሰፈር፦
ጥሩ። ግን ዛሬ በደግነት የተጀመረ ነገር ነገ ግዴታ ይሆናል፤ ወጪውም በነርስ ደሞዝ ላይ ይወድቃል። አቡጀዲውን ጥበቃው ለምን ይገዛል? በጀት ይያዝለት። ደግሞስ ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጥፎ ዘመድ መፈለግ አይሻልም?

ከቦንጋ፦
ፎቶውን ተዉት፣ እለምናችኋለሁ። ወንድሜ እንዲህ ነው የሞተው። ከቤት ከወጣ ስምንት ዓመቱ ነበር። ፎቶውን በስልክ ያሳየን የጎረቤት ልጅ ነው። አፉ እንደተከፈተ ነው ያነሱት። እናቴ እስክትሞት ድረስ ያ ፊት ከዓይኗ አልጠፋም። ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ የወጣበትን ወረዳ ጻፉ፤ ይበቃል። እናቴ ለቀስተኛውን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትጠይቀው፤ «ያኔ አጠገቡ ማን ነበር?» የሚመልስላት አልተገኘም። ሲስተር፣ የእኚያ አባት ቤተሰብ አንድ ቀን ቢመጣ አንቺ መልስ አለሽ።

ከአጂፕ ሰፈር፦
እህቴ፣ ነፍስ ይማር። የፎቶውን ሐሳብ ትቻለሁ። የበጀቱን ግን አልተውም።

ሲስተር፦
ሁሉንም አነበብኩ። ትናንት አዳር ነበርኩ። 7ኛ አልጋ ላይ ከዳውሮ የመጡ አንድ አባት አሉ፣ አስታማሚ የላቸውም። ቁጭ ብዬ «አባባ፣ አገር ቤት ማን አለዎት? እምነትዎስ?» አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ምነው ልጄ፣ ልሞት ነው እንዴ?» አሉኝ። እኔም ደነገጥኩ። ለካ ጥያቄው ገና በገቡ ዕለት፣ ከካርዱ ጋር መጠየቅ ነበረበት። «ሲድኑ መጥቶ የሚወስድዎት ሰው እንድንፈልግ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ የእህታቸውን ስምና ስልክ ነገሩኝ። ትንሽ ቆይተው የአጥቢያቸውን ቤተ ክርስቲያን። ካርዱ ላይ ጻፍኩት። ጠዋት ስልኩን ሞከርን፣ አይነሳም። ዛሬም አዳር ነኝ፤ እንደገና እሞክራለሁ።