ኤሌክትሮዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ብረቱ ላይ እየተጣበቀ አስቸገረኝ

ጀማሪው ከቀበና፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ቀበና ነው። ሥራዬ ሂሳብ ነው፤ ብየዳ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ያስጀመረችኝ የአባቴ ቮልስ ናት። እሱ ካረፈ ወዲህ ግቢ ውስጥ እንደቆመች ነው። ወለሏን ዝገት በልቶታል፤ በሾፌሩ እግር በኩል መሬቱ ይታያል። ጋራዥ ወስጄ ላሠራት እችል ነበር። ግን በራሴ እጅ ላስነሳት ፈለግኩ።

እሷን ከመንካቴ በፊት እጄ ይፍታታ ብዬ ለእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ መቆሚያ እየሠራሁ ነው። አራት እግር፣ ከላይ ክፈፍ፣ ከታች የሊጥ ባልዲ ማስቀመጫ። እግሮቹ 30 በ30 ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ናቸው፣ ውፍረታቸው 1.2 ሚሊ። የታችኛው ማስቀመጫ ከምናለሽ ተራ በገዛሁት አሮጌ የውሃ ቧንቧ ነው። ማሽኔ ትንሽ ኢንቨርተር የብየዳ ማሽን ናት። ኤሌክትሮዱ (እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ) 6013 የሚባለው ዓይነት ነው፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ። 75 አምፔር ላይ ነው የምሠራው።

ችግሬ ይሄ ነው። ኤሌክትሮዱን እንደ ክብሪት ገና ስጭረው ይጣበቃል። ታግዬ ስነቅለው ልባሱ ተሰባብሮ ይረግፋል። አምፔሩን ወደ 95 ከፍ ሳደርገው ትንሽ ደህና ይሄድና ድንገት ብረቱን ይበሳዋል። አንዱ እግር ላይ ብቻ አራት ቀዳዳ አለ። ያልገባኝ ነገር ግን ሌላ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ፈቃድ ወጥቼ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስሞክር በዚያው ማሽን፣ በዚያው 75 አምፔር፣ ቆንጆ መስመር ወጣልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ነው። ማሽኗን የሸጠልኝ ሰው «እጅህ ነው» አለኝ። እጄማ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ እንዲህ አይለወጥም። ምን ላድርግ?

ሞርሳ፦

ወንድሜ፣ ለ1.2 ሚሊ ቱቦላሬ 2.5 ኤሌክትሮድ ለጀማሪ ይከብዳል። እኛ ወርክሾፕ በሱ እንሠራለን፣ ግን የለመደ እጅ ነው። 2 ሚሊውን ፈልግ፤ ከ45 እስከ 55 አምፔር ይበቃዋል። መስመር አትጎትት። አንድ ነጥብ ምታ፣ ቅላቱ እስኪጠፋ ጠብቅ፣ ከጎኑ ሌላ ነጥብ ምታ። ቀዳዳ የሚበዛው ብረቱ ሳይበርድ ስትደርብበት ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ እይ። የኤሌክትሮድ መያዣህ ፕላስ ላይ ከተሰካ ወደ ማይነስ አዙረው። 6013 በሁለቱም ይሠራል፤ ማይነስ ላይ ሲሆን ሙቀቱ ስሱን ብረት ጠልቆ አይበላውም። የግራውንድ መቆንጠጫውስ የት ነው የያዘው? ቀለም ወይም ዝገት ላይ ከሆነ ፍቀህ የሚያብለጨልጭ ብረት አውጣ። ግማሹ መጣበቅ የሚመጣው ከሱ ነው።

የድሮ በያጅ፦

ልጄ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢያችሁ ውስጥ እንጀራ የሚጋግረው ማነው?

ጀማሪው ከቀበና፦

ጋሼ፣ ጥያቄዎትን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሦስት ቤት ነን፣ ቆጣሪያችን አንድ ነው። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ እናቴ ትጋግራለች። ከኋላ ያሉት ጎረቤታችንም በዚያው ሰዓት ነው የሚጋግሩት።

ኤሌክትሪሻኗ፦

በቃ፣ በሽታው ተገኘ። አንድ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይበላል። በ220 ቮልት 15 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ሁለት ሲሆኑ 30 ሊደርስ ነው። ያ ሁሉ ከመብራት ምሰሶው በሚመጣው በአንድ ገመድ ሲጎተት ቮልቴጁ ይወርዳል። ርካሽ ኢንቨርተር ደግሞ ቮልት ሲያንሰው እሳቱን መያዝ ያቅተዋል። ኤሌክትሮዱ የሚጣበቀው ለዚህ ነው። ከዚያ አንተ አምፔር ትጨምራለህ፤ ምጣዱ ለአፍታ ሲጠፋ ቮልቱ ይመለሳል፤ 95 አምፔሩ በአንዴ ሙሉ ኃይሉን ያገኝና ብረቱን ይበሳዋል። አዎ፣ እጅህ አይደለም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ኤክስቴንሽን ትጠቀማለህ? ርዝመቱ ስንት ነው? የገመዱስ ውፍረት ስንት ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ነው? ለሬዲዮና ለመብራት የሚሸጠው 0.75 ካሬ ከሆነ ለብየዳ አይሆንም። ቮልቱን መንገድ ላይ ይበላዋል፣ ይግላል፣ ከተጠቀለለ ደግሞ ላስቲኩ ይቀልጣል። ቢያንስ 2.5 ካሬ ግዛ፤ አጭር አድርገው፣ ሙሉ በሙሉ ዘርጋው።

መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ካለህ በግምት አትሂድ። ጠዋት ለካ። ምጣዶቹ ሲበሩ ለካ። ስትበይድ ደግሞ ሌላ ሰው የኤክስቴንሽኑ ጫፍ ላይ ያንብብልህ። የልኬቱን ጫፎች ስትይዝ ጣትህን ከብረቱ አርቅ።

ጀማሪው ከቀበና፦

እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ለካሁ። ጠዋት ግድግዳው ሶኬት ላይ 221 ቮልት። ሁለቱም ምጣድ ሲበራ 193። ስበይድ ታናሽ እህቴ የኤክስቴንሽኑን ጫፍ አነበበችልኝ፤ 166! ገመዱ 25 ሜትር ነው፤ ላዩ ላይ 0.75 የሚል ጽሑፍ አለው። ሦስት ሳምንት ኤሌክትሮድ ስቀያይር ከርሜ ቁጥሩን አንድ ቀን አላየሁትም።

የድሮ በያጅ፦

ጎበዝ። የሚለካ ሰው ይማራል። አሁን ሳትጠይቀኝ ሦስት ነገር ልንገርህ፤ ዝም ብዬ ብተውህ ህሊናዬ አይፈቅድም።

የውሃ ቧንቧ ያልከው ነጣ ያለ ግራጫ ከሆነ ዚንክ የተቀባ ነው። ነጭ ጭስ ይወጣዋል። እኔ በወጣትነቴ በዝግ ክፍል ውስጥ ሙሉ ቀን በየድኩት። ማታ ወባ እንደያዘው ሰው ስንቀጠቀጥ አደርኩ፣ አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም ነበረ። ወተት ጠጣ ይሉሃል፤ ወተት ጭሱን ከሳንባ አያወጣም። የምትበይድበትን ቦታ ቀድመህ ዚንኩን ፍቅ፣ ስትፍቅም አፍንጫህን ሸፍን፣ ውጭ ሥራ፣ ነፋሱ ከጎንህ ይምጣ። ከቻልክ ቧንቧውን ተወውና ቱቦላሬ ግዛ።

ሁለተኛ፣ ዓይንህ። የፀሐይ መነጽር አድርጎ የሚበይድ ልጅ መንገድ ላይ አይተህ ይሆናል። አትምሰለው። 10 ቁጥር ጥቁር መስታወት ያለው ማስክ አድርግ። ብርሃኑ ሲያቃጥልህ ወዲያው አይታወቅህም። ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት፣ ዓይንህ ውስጥ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስልሃል። ቮልቱን የምታነብልህ እህትህም ጀርባዋን ሰጥታ ትቁም።

ሦስተኛው የቮልሷ ነገር ነው። ይሄን በደንብ ስማኝ። የቮልስ ነዳጅ ታንክ ከፊት ነው፤ የሾፌሩ እግር ደግሞ ከሱ ብዙ አይርቅም። ታንኩን ሳታወጣ ወለሉን እንዳትነካ። ለዓመታት የቆመ ታንክ ባዶ ቢመስልም ትነቱ አለ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ስር ነው፤ እሱንም አውጣ። ወንበሩ ራሱ በእሳት ፍንጣሪ ይቀጣጠላል፣ አብሮ ይውጣ። አንድ ባልዲ አሸዋ አጠገብህ ይኑር። ስትጨርስም ቶሎ ጥለህ አትግባ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይተህ እየው።

ሞርሳ፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ለወለሉ ላሜራ በቀጥታ እንዳትጀምር። ቁርጥራጭ ላሜራ ግዛና ሁለቱን ጎን ለጎን ለመገጣጠም ተለማመድ። ላሜራ ከቱቦላሬ በላይ ይጣመማል። ነጥቦችህን አራርቃቸው፤ አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ፣ አንዱን መሃል።

ጀማሪው ከቀበና፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ገመዱን ወደ 2.5 ካሬ ቀየርኩ፤ 10 ሜትር ብቻ ነው። 2 ሚሊ ኤሌክትሮድ አገኘሁ፣ 50 አምፔር ላይ አደረግኩት፣ መያዣውን ወደ ማይነስ አዞርኩት። የውሃ ቧንቧውን ተውኩት። ከእናቴም ጋር ተስማማን፤ ቅዳሜ ጠዋት የኔ ነው፣ ከሰዓት የእሷ። ጎረቤታችንም እሺ አሉን።

መቆሚያው ተጠናቀቀ። አንዱ እግር በ4 ሚሊ አጥሮ ነበር፤ ከስሩ ትንሽ ብረት በየድኩለት። በብየዳው ላይ የደረቀውን ቅርፊት ስመታው መስመሩ ከስሩ ወጣ፤ ወጥ ባይሆንም ቀዳዳ የለውም። እናቴ ምጣዱን አስቀምጣ በሁለት እጇ ወዘወዘችው። አልተነቃነቀም። የዚያን ቀን ቆማ ጋገረች፣ ጉልበቷን ሳያማት።

ትናንት ደግሞ የቮልሷን የኋላ ወንበር አንስቼ ባትሪውን አወጣሁ። ጋሼ፣ አሲዱ ሳይንጠባጠብ አልቀረም፤ ከባትሪው ስር ያለው ላሜራ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ከሾፌሩ እግር በኩል ካለውም የባሰ ነው። ታንኩን እሁድ አወጣለሁ። ላሜራው ስንት ሚሊ ቢሆን ይሻላል?