የሠራተኞች የማታ ትምህርት፦ አቃቂ ላይ ለሚከፈት ክበብ የቱ ልምድ ይጠቅማል?

ፈትል_አቃቂ
ጤና ይስጥልኝ። አቃቂ ቃሊቲ ላይ ለፋብሪካ ሠራተኞች የትምህርት ክበብ ልናቋቁም ነው። ሃያ አምስት ያህል ሰው ተመዝግቧል፤ ግማሹ ፊደል አልቆጠረም፣ ግማሹ ስምንተኛ ክፍል ያለፈ ነው። ሥራው በየሳምንቱ የሚዞር ሦስት ፈረቃ ነው። የሌላ አገር ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ትምህርት እንዴት አደራጁት? አሠሪው አዳራሽና ደብተር ልስጣችሁ ቢልስ መቀበል አለብን? ታሪኩን የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ጻፉልን።

ንባብ_ቤት
ከሁለተኛው ጥያቄ ልነሣ፤ የሠራተኛ ትምህርት ታሪክ የተከፈለው በሱ ነውና። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1909 ኦክስፎርድ ከተማ የሚገኘው የሠራተኞች ኮሌጅ፣ ራስኪን፣ ተማሪዎቹ ትምህርት አቆሙ። ርእሰ መምህሩ ዴኒስ ኸርድ መባረራቸው ነገሩን አባባሰው እንጂ ጠቡ የቆየ ነበር፤ ተማሪዎቹ የማርክስን ኢኮኖሚክስ ይፈልጋሉ፣ ኮሌጁ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይጠጋል። ያፈነገጡት ሴንትራል ሌበር ኮሌጅን መሠረቱ። ወጪውን የቻሉት የደቡብ ዌልስ ማዕድን ቆፋሪዎችና የባቡር ሠራተኞች ማኅበራት ናቸው። በኋላ የብሪታንያን የሕዝብ ጤና አገልግሎት ያቋቋመው ሚኒስትር አንዩሪን ቤቫን የተማረው እዚያ ነው። ኮሌጁ ለማንም አልተንበረከከም፤ ነገር ግን ከ1926ቱ ታላቅ አድማ በኋላ የማኅበራቱ ካዝና ተራቆተና በ1929 ተዘጋ።

ሌላው ወገን በ1903 አልበርት ማንስብሪጅ የመሠረተው የሠራተኞች ትምህርት ማኅበር ነው። ይኸኛው ከዩኒቨርሲቲ ጋር ሠራ፤ የሚወስነው የጋራ ኮሚቴ ግን 7 ከኦክስፎርድ፣ 7 ከሠራተኛው ወገን ነበር። በ1908 የታሪክ ምሁሩ አር. ኤች. ቶኒ ሎንግተንና ሮችዴል በተባሉ የእንግሊዝ ከተሞች የኢኮኖሚ ታሪክ ማስተማር ጀመረ። በአንድ ክፍል ከ30 ሰው አይበልጥም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሰዓት፤ አንደኛው ሰዓት ገለጻ፣ ሁለተኛው ውይይት ብቻ። በዓመት 24 ሳምንት፣ ለሦስት ዓመት፣ በየሁለት ሳምንቱም አንድ ጽሑፍ። የሚማሩትን የሚመርጡት ተማሪዎቹ ናቸው። የፖለቲካ ሐሳቡን በሰዓት ክፍፍሉ ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ የውይይቱን ሰዓት መምህሩ ከበላው ክፍሉ ተራ ስብሰባ ይሆናል።

ስለዚህ አዳራሹን ተቀበሉ፣ ሥልጣኑን አትስጡ። ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስፈር፦ የኮሚቴው አብላጫ ሠራተኛ ይሁን፤ ርእሱን ተማሪዎች ይምረጡ፤ የስም መቆጣጠሪያው ለሰው ኃይል ክፍል አይሰጥ። ሦስተኛው ከተዘነጋ ሰው በግልጽ መናገሩን ይተዋል።

የፈረቃ_ሰው
ስምንተኛ ላለፉት የስዊድኑን የጥናት ክበብ ተመልከቱ። ኦስካር ኦልሶን በ1902 ሉንድ ላይ ሲጀምረው መምህር ለመቅጠር ገንዘብ አልነበረም። አባላቱ መጽሐፍ ይገዛሉ፣ እየተቀባበሉ ያነባሉ፣ ይወያያሉ፤ ሲጨርሱ መጽሐፉ የጋራ ቤተ መጻሕፍት ይሆናል። የሠራተኞቹ ማኅበር፣ አ.ቤ.ኤፍ.፣ በ1912 ሲቋቋም ይህንኑ ይዞ አገር አዳረሰ።

ፈረቃውን በተመለከተ፣ ከንጋቱ 12–8፣ 8–4፣ 4–12 ከሆነ አንዱን ትምህርት በሳምንት ሁለቴ ስጡት። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ያለው ለጠዋትና ለሌሊት ፈረቃ ይሆናል፤ የሌሊቶቹ ያኔ ከእንቅልፍ ተነሥተዋል። ጠዋት 3 ሰዓት ደግሞ ከሰዓት ለሚገቡት። ምሽት ብቻ ካደረጋችሁት በየሳምንቱ ሲሶው ይቀራል፤ ሁለቴ የቀረ ሰው ደግሞ መመለስ ያፍራል።

ፊደል_ገበታ
ሁለቱን ወገኖች አንድ ክፍል አታስቀምጡ። ፊደል ላልቆጠሩት የብራዚሉ ፓውሎ ፍሬሬ መንገድ ለእኛ ፊደል የተመቸ ነው። በ1963 አንጂኮስ በምትባል የብራዚል ከተማ 300 ያህል ሰው በ40 ሰዓት አስተምሯል። ያኔ ማንበብ የማይችል ብራዚላዊ ድምፅ አይሰጥም ነበርና ነገሩ መንግሥት የሚነካ ሆነ፤ በ1964 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ታሰረ፣ ተሰደደም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የደመወዝ መክፈያ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፍና መጀመሪያ ይወያዩበት። ቀጥሎ «ደመወዝ» ይጻፍ፤ የደ፣ የመ፣ የወ፣ የዘ ቤቶች ከነሰባቱ ይዘርዘሩ፣ 28 ፊደል ይሆናል። ከዚያ ተማሪዎቹ ራሳቸው ቃል ያውጡ፦ ዘመድ፣ ውድ፣ ወደመ። መምህሩ ቀድሞ ካወጣላቸው ልፋቱ ከንቱ ነው። ከገላን ወይም ከዱከም የሚመጡ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎች ካሉ በቁቤ ይጀመርላቸው።

ሒሳቡም ከዚያው ወረቀት ይምጣ። ለምሳሌ የወር ደመወዝ 4,160 ብር ለ208 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 20 ብር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 በኋላ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት 2፣ በበዓል 2.5 ነው። አሥር የሌሊት ትርፍ ሰዓት 350 ብር ይመጣል ማለት ነው። ተማሪው ያገኘውን ከወረቀቱ ጋር ያመሳክር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከራሳችን ታሪክ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሚሊዮኖችን አስተምሯል። የሚያነቡት ስላጡ ግን ብዙዎቹ የተማሩት ተመልሶ ጠፋባቸው። የተማረ ሰው በማግስቱ የሚያነበው ነገር አሁኑኑ ይዘጋጅ፤ የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው የሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት በትልልቅ ፊደል ቢታተም ይበቃል።

ንባብ_ቤት
ኅብረት ስምምነቱ ከተነሣ፣ አዋጁ የማኅበር መሪዎች ለሥልጠናና ለሴሚናር ደመወዝ ያለው ፈቃድ እንዲያገኙ ይፈቅዳል፤ አሰጣጡን ደግሞ በኅብረት ስምምነት መወሰን ይቻላል። በሚቀጥለው ድርድር ስንት ቀን እንደሆነ በቁጥር አስገቡት። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ከገባ በየጊዜው ልመና ነው።