14 ክለብ የዞረ የቤዝቦል ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ)፦ ኤድዊን ጃክሰን 17 ዓመት እንዴት ቆየ?

ጠያቂ፦ ዲሲ_ሰፈር

ሰላም ቤተሰብ። የዋሽንግተኑን ቤዝቦል ክለብ ናሽናልስን ለምትከታተሉ ኤድዊን ጃክሰን እንግዳ ስም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2017 እዚሁ ዋሽንግተን ነበር። ቁጥሩን ሳየው ግን ነገሩ አልገባኝም። 107 አሸንፎ 133 ተሸንፏል፣ ኢአርኤው (በአማካይ የሚሰጠው ነጥብ) 4.78 ነው፣ የ14 ክለብ ማሊያ ለብሷል። እንዲህ ያለ ፒቸር ከ2003 እስከ 2019 እንጀራው ሳይቋረጥ እንዴት ኖረ? ደጋግሞ ትሬድ መደረጉስ (በልውውጥ ለሌላ ክለብ መሰጠቱስ) «አንፈልግህም» መባሉ አይደለም? ኦፕሽን፣ ዲኤፍኤ፣ ዌቨር ሲባልም ሁሌ እሰማለሁ፣ አንዱን ካንዱ ግን አልለይም። ሲሰናበት ደመወዙን የሚከፍለው ማን ነው? የሚያውቅ ያስረዳኝ።

መልስ፦ ግራ_እጅ

ወንድሜ፣ ስንት እንዳሸነፈና እንደተሸነፈ መጀመሪያ እርሳው። ፒቸሩ 1 ራን (ነጥብ) ብቻ ሰጥቶ ጓደኞቹ ምንም ካላስገቡለት ሽንፈቱ በእሱ ስም ይጻፋል። የምታየው ስንት ጨዋታ እንደጀመረ ነው። ክለቡ በዓመት 162 ጨዋታ አለው፣ አምስት ስታርተሮች (ጨዋታ የሚጀምሩ ፒቸሮች) ተራ ይገባሉ፤ ለአንዱ 32 ገደማ ይደርሰዋል። ጃክሰን ከ2007 እስከ 2013 ሰባቱንም ዓመት ከ30 በላይ ጀምሯል። ክንዴ፣ ትከሻዬ ሳይል ሰባት ዓመት ተራውን የጠበቀ ፒቸር ማግኘት ቀላል አይደለም።

ይህ ለምን ገንዘብ ያወጣል? ጨዋታው 9 ኢኒንግ (ዙር) ነው፤ ስታርተሩ በ3ኛው ኢኒንግ ከወጣ የቀረውን 6 ኢኒንግ የቡልፔን ልጆች (ተተኪ ፒቸሮቹ) ይጨርሱታል። ዛሬ የወረወሩት ነገ ክንዳቸው ይዝላል፣ ከነገ ወዲያ አሠልጣኙ የሚያስገባው ሰው ያጣል። ስለዚህ 6 ኢኒንግ ወርውሮ 3 ራን የሚሰጥ ሰው ይፈለጋል። ኢአርኤ ማለት በጓደኞቹ ስህተት የገባውን ሳይጨምር የሰጠውን ራን በ9 አባዝተህ በኢኒንጉ ማካፈል ነው፤ 3 ሲባዛ በ9፣ ሲካፈል ለ6፣ 4.50። ኮከብ አያሰኝም፣ ቡልፔኑን ግን ያሳርፋል። 4.78ን በዚህ ዓይን እየው።

ችግሩ ሁሌም ዎክ ነበር፤ አራት ኳስ ከዞኑ ውጭ ወርውሮ መቺውን በነፃ ማሳለፍ ማለት ነው። ኳሱ ፈጣን ነው፣ ስላይደሩም (ጠማማ ኳሱ) ይሰብራል፣ ግን ዞኑን ይስታል። ጁን 25፣ 2010 ለአሪዞና ሆኖ ታምፓ ላይ አንድም ሂት (የመቺ የተሳካ ምት) ሳይሰጥ ጨረሰ፤ 1 ለ 0። በዚያው ጨዋታ 8 ሰው በዎክ ለቋል፣ 7ቱን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ኢኒንጎች! ለመጨረስ 149 ኳስ ወረወረ። ዛሬ 100 ሲሞላ አሠልጣኙ ስልክ አንስቶ ቡልፔኑን እንደሚያሟሙቅ አስበው። የሰውዬው ጥንካሬም ድክመቱም በዚያ አንድ ማታ ተጠቅልሎ ታይቷል። ከአምስት ሳምንት በኋላ ለቺካጎ ኋይት ሶክስ ትሬድ ተደረገ።

መልስ፦ የኮንትራት_ሰው

ግራ_እጅ የሜዳውን ጨርሶታል፣ እኔ ወደ ወረቀቱ ልሂድ። ትሬድን በተመለከተ ነገሩ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው። ትሬድ የሚደረግ ሰው ሌላ ክለብ በምትኩ ዕቃ ሰጥቶ የወሰደው ሰው ነው። በዲሴምበር 2009 ዲትሮይት ጃክሰንን ሲለቀው ሦስት ክለቦች በገቡበት ስምምነት ነበር፤ ወደ ዲትሮይት ከሄዱት አንዱ ማክስ ሸርዘር ነው፣ በኋላ እዚህ ዲሲ ያየነው። ከዚያ በፊት በነበረው ወቅት ጃክሰን 214 ኢኒንግ ወርውሮ ለኦል ስታር (የኮከቦች ጨዋታ) ተመርጧል። የማይፈለግ ሰው በዚህ ዋጋ አይወጣም።

አሁን ደንቡ። ኦፕሽን ማለት በክለቡ የ40 ተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ ያለን ተጫዋች ክለቡ ሳያጣው ወደ ማይነር ሊግ (ወደ ታችኛው ሊግ) የማውረድ መብት ነው። በተለምዶ ሦስት ወቅት ይሰጣል፤ በአንድ ወቅት 20 ቀንና ከዚያ በላይ ታች ከቆየ ያ ዓመት ተቆጠረበት ማለት ነው። ከ2022 ጀምሮ አንድን ሰው በዓመት ከ5 ጊዜ በላይ ማውረድ አይቻልም፣ የወረደ ፒቸርም ጉዳተኛ ሊተካ ካልሆነ 15 ቀን ሳይሞላው አይመለስም። ጃክሰን በ20 ዓመት ልደቱ፣ ሴፕቴምበር 9፣ 2003፣ ራንዲ ጆንሰንን አሸንፎ ሲጀምር ሁሉም ጮኸለት። ሆኖም 2004ን፣ 2005ን እና 2006ን ላይ ታች ሲል ኦፕሽኑ አለቀ። ታምፓ በ2007 5 አሸንፎ 15 ሲሸነፍ፣ በ5.76 ኢአርኤ፣ ዓመቱን ሙሉ ለምን ታገሰው ብትል አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቢያወርደው ሌላ ክለብ ይነጥቀው ነበር።

ዲኤፍኤ ደግሞ ማባረር አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። ተጫዋቹ ከ40ው ዝርዝር ወዲያው ይወጣል፣ ክለቡ 7 ቀን አለው፤ ትሬድ ያደርገዋል፣ ዌቨር ላይ ያስቀምጠዋል፣ ወይም ያሰናብተዋል። ዌቨር ላይ ሲቀመጥ ሌሎቹ ክለቦች ከነኮንትራቱ ሊወስዱት ይችላሉ፣ ሁለት ከጠየቁት ቅድሚያው ውጤቱ ዝቅ ላለው ነው። ማንም ካልወሰደው ወደ ማይነር ሊግ ይላካል፤ ግን 3 ዓመት የሜጀር ሊግ (የላይኛው ሊግ) አገልግሎት ያለው ወይም ከዚህ በፊት እንዲሁ የተላከ ሰው አልሄድም ብሎ ፍሪ ኤጀንት (ከፈለገው ክለብ ጋር የሚፈርም ነፃ ተጫዋች) መሆን ይችላል። 5 ዓመት ከሞላው ደግሞ እንቢ ብሎም ቀሪ ደመወዙን አያጣም። አንድ የአገልግሎት ዓመት 172 ቀን ነው።

ዲሲ_ሰፈር፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን በራልኝ። የገንዘቡስ ነገር? ቺካጎ ካብስ 52 ሚሊዮን ዶላር ፈርመውለት አልነበር?

መልስ፦ የኮንትራት_ሰው

አዎ፣ ከ2013 እስከ 2016፣ አራት ዓመት። በመጀመሪያው ዓመት 8 አሸንፎ 18 ተሸነፈ፤ በናሽናል ሊግ የዚያ ዓመት ከፍተኛው የሽንፈት ቁጥር። በጁላይ 2015 አሰናበቱት። የሜጀር ሊግ ኮንትራት ከተፈረመ በአቋም መውረድ አይሰረዝም፣ ስለዚህ ቀሪውን ካብስ ይከፍላሉ። አዲሱ ክለብ የሚከፍለው ዝቅተኛውን ደመወዝ በቀን ተመን ብቻ ነው፣ ያም ከካብስ ዕዳ ላይ ይቀነሳል። በ2016 ዝቅተኛው 507,500 ዶላር ነበር፣ ወቅቱም 183 ቀን፤ በቀን 2,770 ገደማ። በዚያው ዓመት ለማያሚም ለሳንዲዬጎም ወረወረ። ለሁለቱም ርካሽ ሙከራ ነበር፤ ካልሆነ ዲኤፍኤ፣ ከሆነ ትርፍ። በሥራው መጨረሻ ላይ ክለብ የበዛለት ለዚህ ነው። የ2009ኙ ጃክሰን ዋጋ ስላለው ዞረ፣ የ2016ቱ ርካሽ ስለሆነ።

መልስ፦ ስኮርካርድ

አንድ የተረሳ አለ። ኮንትራቱ ካለቀ በኋላ በየዓመቱ የፈረመው በማይነር ሊግ ውል ነው። በእንዲህ ያለ ውል ውስጥ ነባር ተጫዋች የመውጫ ቀን ያስገባል፤ ቀኑ ሲደርስ ወይ ወደ ላይ አውጡኝ ወይ ልቀቁኝ ይላል። አሁን ባለው ስምምነት ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉ፣ መስፈርቱን የሚያሟሉ ፍሪ ኤጀንቶች ሦስት ቀን አላቸው፤ ወቅቱ ሊከፈት 5 ቀን ሲቀረው፣ ሜይ 1 እና ጁን 1። ጃክሰን በ2018 ከናሽናልስ ማይነር ሊግ ወጥቶ በጁን ኦክላንድ ገባ፣ 17 ጨዋታ ጀምሮ በ3.33 ጨረሰ። በሲራክዩስ፣ በናሽናልስ የታችኛው ክለብ፣ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ያ ዓመት አይኖርም ነበር።

የሚያከትመው ደግሞ በድንገት ነው። በ2019 በቶሮንቶና በዲትሮይት ኢአርኤው 9.58 ሆነ። ፍጥነቱ ሲቀንስ ድሮ ይሳት የነበረው ኳስ ይመታል፤ ዎክ የሚያበዛ ፒቸር ሲሆን ደግሞ ሆም ረኑ (ከሜዳ የሚወጣው ምት) ሁለትና ሦስት ሰው ይዞ ይገባል።

ልምድ የሌለው ወጣት ፒቸር ካለ ግን ከ14 ክለብ በፊት የሚያስበው ቁጥር 43 ነው፤ 43 ቀን ሜጀር ሊግ ላይ የቆየ ጡረታ ያገኛል። ትሬድ ሲደረግም ለመድረስ ያለው 72 ሰዓት ነው፣ ቤት ኪራዩንና መኪናውን ሚስት ወይም ኤጀንት ይጨርሰዋል።

ዲሲ_ሰፈር፦

የመጨረሻ ጥያቄ። በ2011 ከኋይት ሶክስ ወደ ቶሮንቶ ትሬድ ተደርጎ በዚያው ቀን ወደ ሴንት ሉዊስ ተላልፏል ይላል። ታዲያ ክለቦቹ 15 አይሆኑም?

መልስ፦ ስኮርካርድ

አይሆኑም። የሚቆጠረው የወረወረለት ክለብ ነው። ጁላይ 27፣ 2011 ቶሮንቶ በወረቀት ብቻ ነበር፤ ማሊያውን ለብሶ የወረወረው ሜይ 15፣ 2019 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ነው፣ 14ኛውም ያኔ ሞላ። የሚያስቀው፣ እሱ የሰበረው የ13 ክለብ ሪከርድ የኦክታቪዮ ዶቴል ነበር፤ ዶቴልም በዚያው የ2011 ቀን ከጃክሰን ጋር በአንድ ትሬድ ወደ ሴንት ሉዊስ ሄዷል። ሁለቱም በዚያው ዓመት የወርልድ ሲሪስ (የሻምፒዮናው) ቀለበት አደረጉ።