64 ሰው ያለበት ካውንቲ ይፍረስ ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ በምዕራብ ቴክሳስ የሚገኘው ላቪንግ ካውንቲ (ካውንቲ ማለት ከክፍለ ግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክልል ነው) እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ 64 ነዋሪ ብቻ ተመዝግቦበታል። በመላው አሜሪካ ከእርሱ ያነሰ ሕዝብ ያለው ካውንቲ የለም። ስፋቱ ግን 1,750 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባን ከሦስት እጥፍ በላይ ያስከነዳል። ከምሥራቅ ጎረቤቱ ከዊንክለር ጋር ይቀላቀል ወይስ ራሱን ችሎ ይቀጥል?

የሒሳብ ባለሙያ፦ ይቀላቀል እንጂ! የቴክሳስ ካውንቲ ሁሉ የካውንቲ ዳኛ የሚባል ሰብሳቢና አራት ኮሚሽነሮች አሉት፤ ሸሪፉና ጸሐፊው ሳይቆጠሩ። ሂዩስተን ያለችበት ሃሪስ ካውንቲ 4.7 ሚሊዮን ሰው ይዞ አራት ኮሚሽነር፣ ላቪንግም 64 ሰው ይዞ አራት ኮሚሽነር! ለአንድ የለቅሶ ድንኳን የማይሞላ ሕዝብ ይህ ሁሉ ሹም ምን ይሠራለታል? ልጆቻቸው እንኳ የሚማሩት ዊንክለር ውስጥ፣ ዊንክ ከተማ ነው።

የዳላስ ሹፌር፦ እኔ በዚያ በኩል ጭነት አመላልሳለሁ። ሌሊት በ302 መንገድ የካውንቲውን መቀመጫ ሜንቶንን አልፋችሁ ብትሄዱ ሰው የለም አትሉም። ውኃና አሸዋ የጫነው፣ ቦቴው፣ ቧንቧ የጫነው ተጎታች ሁሉ ተከታትሎ ይመጣል፤ ሜዳው ላይ የጋዙ ነበልባል ይንቦገቦጋል፤ ከመንገዱ ዳር ሠራተኞች የሚያድሩባቸው ተንቀሳቃሽ ቤቶች ተደርድረዋል። ቆጠራው ሰውን የሚመዘግበው አብዛኛውን ጊዜ በሚኖርበት ቤት ስለሆነ፣ ተራውን ሠርቶ ወደ ቤተሰቡ የሚመለሰው ሠራተኛ ለላቪንግ አይቆጠርም። መኪናው ሲገለበጥ ግን የሚደርስለት የላቪንግ ሸሪፍ ነው።

የጂኦግራፊ መምህር፦ ሹፌሩ እውነቱን ነው። እንዲያውም 64 የሚለውን አሃዝ ቃል በቃል አትውሰዱት። በ2020 የቆጠራው መሥሪያ ቤት የግለሰቦችን ምስጢር ለመጠበቅ ሲል ከክፍለ ግዛት በታች ባሉት አሃዞች ላይ ሆን ብሎ ጥቂት መዛባት ጨምሯል። በሃሪስ ከቁብ የማይገባ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ሁለት ሰው እንኳ ቁጥር ነው።

ነዋሪው ያነሰበትን ምክንያት ከመሬቱ ፈልጉት። በሰሜን ኒው ሜክሲኮ፣ በምዕራብ የፔኮስ ወንዝ ያዋስኑታል። ወንዙ ጨዋማ ነው፤ ዝናቡም ጥቂት ነው። የሚጠጣ ውኃ ለረጅም ዘመን በጭነት ይመጣ ነበር። በ1940 እንኳ፣ ነዳጅ ተገኝቶ ሰው ከጎረፈ በኋላ፣ የተቆጠረው 285 ነው። ካውንቲው በ1893 ተቋቁሞ በ1897 በሕግ ፈርሶ ከጎረቤቱ ከሪቭስ ካውንቲ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። በ1931 እንደገና የቆመው በዚያው በነዳጁ ምክንያት ነው።

የሒሳብ ባለሙያ፦ መምህር፣ እርስዎ ራስዎ መለሱልኝ! አንድ ጊዜ የፈረሰ ሁለተኛ ቢፈርስ ምን ይገርማል? የምርጫው ነገርስ? በመራጮች መዝገብ የሰፈረው ሰው ከነዋሪው የበለጠበት ጊዜ አለ። ሌላ ከተማ እየኖረ የአያቶቹን እርሻ ጠቅሶ የሚመርጥ አለ እየተባለ ያልተካሰሱበት ዘመን የለም። ሸሪፍን በጥቂት ድምፅ ማንሳትና መጣል በሚቻልበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሂዩስተን ነዋሪ፦ ስለ ሕዝብ ብዛት እየተከራከርን የገንዘቡን ነገር ዘለልነው። ይህ ካውንቲ በዋናነት የሚተዳደረው ከነዳጅና ከጋዝ ንብረት በሚሰበስበው ግብር ነው፤ ለሹሞቹ የሚከፍለው ከዚያ ላይ ነው እንጂ ከሃሪስ ኪስ አይደለም። ዊንክለር 7,791 ሰው አለው። ቢቀላቀሉ የሚቆጠበው የጥቂት ሹሞች ደመወዝ ነው፤ ግብሩን የሚያዝበት ግን የዊንክለር ድምፅ ይሆናል፤ 64ቱ ሰዎች በዚያ ምርጫ ምንም አይፈይዱም። ካውንቲ የመሬት መዝገብ የሚይዝ፣ መንገድ የሚያበጅ የክፍለ ግዛቱ ክንድ ነው፤ ሥራው በአንገት ቆጠራ ብቻ አይለካም። መዝገቡ ችግር ካለበት መዝገቡ ይጽዳ። በምርጫ ጠብ ምክንያት ካውንቲ ማፍረስ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

የሒሳብ ባለሙያ፦ 64 ሰው በዚያ ሁሉ ሀብት ላይ ብቻውን ሲያዝ ፍርድ ነው?

የሂዩስተን ነዋሪ፦ አይደለም። ግን ገንዘቡን ማካፈል ከፈለግን በኦስቲን ያለው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የግብር ሕጉን ያሻሽል፤ ለዚያ ወሰን መሠረዝ አያስፈልግም።

የዳላስ ሹፌር፦ ግብሩ የትም ይግባ። ከ302 ተገንጥሎ ወደ ጉድጓዶቹ የሚወስደውን የካውንቲ መንገድ የሚጠግንልኝ ማን እንደሆነ ንገሩኝ፤ ድምፄን ለእርሱ እሰጣለሁ።

የሒሳብ ባለሙያ፦ ድምፅ ለመስጠትማ እዚያ መኖር ያስፈልጋል፣ ወንድሜ።