እናቴ እጥበት ላይ ናት፤ ክብደቷ መውረዱን አላቆመም

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። በሳምንት 2 ቀን የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። ስኳር የለባትም። ሽንቷ በጣም ትንሽ ስለሆነ የተፈቀደላት ፈሳሽ በቀን 1 ሊትር ነው። ከእጥበት በኋላ ያለው ክብደቷ በ5 ወር ከ58 ኪሎ ወደ 51 ወረደ። በደሟ ያለው አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲንም ዝቅ ብሎ 2.9 ነው። ሐኪሟ በቀን 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋታል ብሎናል፤ እሷ ግን ሁለት ጉርሻ በልታ «በቃኝ» ነው።

የእንቁላል ነጭ ቀቅዬ ሞከርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ሰለቻት። ጾም ሲገባ ደግሞ የነፍስ አባቷ ቢፈቅዱላትም አትነካውም። ከፋርማሲ የገዛሁትን፣ ለማንኛውም ታማሚ የሚሆነውን የዱቄት ማሟያ ግን «መድኃኒት ነው» ስላት ጠጣችው። በቀን 2 ብርጭቆ፣ ለ3 ሳምንት። 1 ኪሎ ጨመረች ብዬ ስደሰት ለካ ውሃ ነው፤ እግሯ አብጧል። በደሟ ያለው ፖታሲየምም ከ4.9 ወደ 5.6 ወጣ። አቆምኩት።

ለእጥበት ታማሚዎች ተብሎ የሚሠራውን ዞሬ ዞሬ አጣሁ። በሚቀጥለው ወር ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ አለን፤ ሻንጣው ላይ ያለችው ቦታ ግን ትንሽ ናት። በእጥበት ላይ ያለ ሰው ያስታመማችሁ ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ የሆናችሁ፣ የትኛውን ላስመጣ፦ ለኩላሊት ታማሚ የሚሠራውን ፈሳሽ ማሟያ ወይስ ምግብ ላይ የሚነሰነስ የፕሮቲን ዱቄት?