«ዘላን» የሚለው ቃል ይቅር ወይስ ይቆይ?

መነሻ ጥያቄ፦ «ዘላን» በሰፈር አፍ ያለ ዓላማ የሚዞር፣ ሥርዓት የማያውቅ ሰው መስደቢያ ሆኗል። በሕገ መንግሥቱ ግን የዜጎች መጠሪያ ነው። ከዜናም ከሕግም ይውጣ?

የዜና አርታኢዋ፦ ይውጣ። «አርብቶ አደር» አለልን። «አርሶ አደር»፣ «ወጥቶ አደር» እንደሚባለው ሰውን በሚተዳደርበት ሥራ ይጠራዋል። «ዘላን» ግን «ዘለለ» ከሚለው የወጣ፣ ከቦታ ቦታ የሚዘል ማለት ነው።

የቋንቋ መምህሩ፦ እህቴ፣ ስድብነቱን አልክድም። የቃሉ ምንጭ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ከ«ዘለለ» የሚወጣው «ዘላይ» እና «ዝላይ» ነው፤ «ን» ከየት መጣች? ይህ ካልተብራራ ዝምድናው የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። ምንጩ ቢታወቅም የዛሬውን ፍቺ አይወስንም፤ «ዱርዬ» ከ«ዱር» ወጥቶ ዛሬ የሚኖረው አስፋልት ላይ ነው። ለከንቱ ዙረትማ ማውደልደል፣ መባዘን፣ መቅበዝበዝ አሉን። ዘፍጥረት 4፥12 ላይ ቃየል «ኰብላይና ተቅበዝባዥ» ተባለ እንጂ ዘላን አልተባለም።

የግጦሽ ባለሙያው፦ እኔን የሚያሳስበኝ «ያለ ዓላማ» የምትለዋ ናት። ቦረና ሂዱና እዩ። የሚታለቡት ላሞችና ጥጆች «ዋራ» ተብለው መንደር አጠገብ ይቀራሉ፤ የማይታለቡት «ፎራ» ሆነው ሩቅ ይሰማራሉ። በበጋ ከብቱ «ቱላ» ወደሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች የሚመጣው በ3 ቀን አንዴ ነው፤ የመጠጣት ተራውን «አባ ሄሬጋ» የሚባለው ኃላፊ ይቆጣጠራል። በየቀኑ ይጠጣ ቢባል ከውኃው ርቆ መጋጥ አይችልም፤ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሣር ቶሎ ያልቃል፣ መሬቱም ይራቆታል። አፋር ደግሞ መንጋ ከማንቀሳቀሱ በፊት አሳሽ ይልካል፤ መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎችም «ዳጉ» በሚባለው የወሬ መቀባበያ ልማድ የዝናቡን፣ የሣሩንና የሰላሙን ወሬ አጣርተው ይለዋወጣሉ።

ይህን እንቅስቃሴ «ዙረት» ብሎ የጠራው መንግሥት ምን እንዳደረገ እናውቃለን። በ1950ዎቹ አዋሽ ዳር ለጥጥ የተወሰደው መሬት ለበጋ የሚጠበቅ ግጦሽ ነበር። በዝናብ ወራት መንጋ ስለማይታይበት ባዶ መሰለ። መሸሻውን ያጣው መንጋ ድርቅ ሲመጣ አለቀ። «አርብቶ አደር»ም ቢሆን እንቅስቃሴውን አይናገርም፤ አንድ ቦታ አጥሮ የሚያረባውንም ይጨምራል። ስለዚህ «ተንቀሳቃሽ አርብቶ አደር» እላለሁ።

የሕግ ባለሙያዋ፦ በዜና ቀይሩት፣ በሕግ ግን ተጠንቀቁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(5) ለ«ዘላኖች» የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት ይሰጣል። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው ደግሞ የአማርኛው ቅጂ ነው። አንቀጽ 40 ያለው መሠረታዊ መብቶች በተዘረዘሩበት ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ስለሆነ ለማሻሻል ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። እስከዚያው አቤቱታ ስትጽፉ «አርብቶ አደር (በአንቀጽ 40(5) ዘላን የተባሉት)» በሉ። አለዚያ ተከራካሪው «ሕጉ እናንተን አይልም» ለማለት በር ያገኛል።

የዜና አርታኢዋ፦ የ«ዘለለ»ን ነገር ትቻለሁ። አቋሜ ግን ያው ነው፤ «ዘላን» ሕግ ሲጠቀስ ብቻ ይጻፍ። «መንጋቸውን ይዘው ተሰደዱ» የሚለውም ይቅር፤ የሄዱበት የግጦሽ ቦታና ወቅቱ ተጠቅሶ «ተዛወሩ» ይባል።

የቋንቋ መምህሩ፦ «ተዛወሩ» በሚለው እስማማለሁ። ቃሉን ሕግ ውስጥ ብቻ ከተውነው ግን የቀረውን ተሳዳቢው ይወርሰዋል፤ እዚህ ላይ አልተስማማንም።