ክሪያቲኒኑ «ኖርማል» እያለ ኩላሊት ሲጎዳ እንዴት ቀድመን እንወቅ?

የከዚራዋ ነርስ (ድሬዳዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነው የምሠራው። እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ልጠይቃችሁ።

ባለፈው ሳምንት ከባድ ወባ የያዛቸው አባት ገቡልን። ቀጫጫ ናቸው፣ 50 ኪሎ። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። በገቡበት ቀን ክሪያቲኒናቸው (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፣ ኩላሊት ሲደክም ይጨምራል) 0.6 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር። በማግስቱ 0.9 ሆነ። የላብራቶሪያችን ጣሪያ 1.2 ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። ራውንድ ላይ (ሐኪሞች ሕመምተኞቹን ሲዞሩ) «ኩላሊቱ ደህና ነው» ተባለ። እኔም አለፍኩት። በሦስተኛው ቀን 1.9 ሆኖ መጣ።

ተመልሼ ቻርቱን አገላበጥኩ። በሁለተኛው ቀን ከሌሊቱ ስድስት እስከ አስራ ሁለት ሰዓት የሸኑት 110 ሚሊ ብቻ ነው። የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነው። ሞልቼው፣ ሳላስተውለው ቀረሁ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ሁልጊዜ ከምንልካቸው ተራ የደም ምርመራዎች ተነስተን ኩላሊት ሊጎዳ መሆኑን ቀድመን ማወቅ እንችላለን? ውድ ምርመራ አትንገሩኝ፣ እኛ ጋ የለም።

ሐኪም ከሐረር
ሲስተር፣ ማንቂያው ያ 0.9 ራሱ ነበር። የ2012ቱ (እ.ኤ.አ.) የኬዲጎ ዓለም አቀፍ የኩላሊት መመሪያ፣ ኩላሊት ተጎድቷል ለማለት ክሪያቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ 0.3 መጨመር ወይም በ7 ቀን ውስጥ ከመነሻው አንድ ተኩል እጥፍ መሆን በቂ ነው ይላል። ሽንት በኪሎ በሰዓት ከ0.5 ሚሊ በታች ሆኖ 6 ሰዓት ከቆየም እንደዚያው። 50 ኪሎ ሰው በ6 ሰዓት ቢያንስ 150 ሚሊ መሽናት አለበት። ሦስቱም ተሟልተዋል።

ክሪያቲኒን የሚመጣው ከጡንቻ ነው። ጡንቻ የሌለው ሰው ከታች ስለሚነሳ 1.2 ለእሱ ጣሪያ አይሆንም። ግሉኮስና ሳላይን በብዛት ከገባ ደግሞ ይቀጥናል። ከዚያም በላይ ቁጥሩ ዘግይቶ ነው የሚወጣው፣ ኩላሊት ከተመታ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ። ስለዚህ በእሱ ብቻ አትተማመኚ። ፕሌትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሴል) እየወረደ፣ ቢሊሩቢኑ (ዓይን ቢጫ የሚያደርገው) እየወጣ፣ ባይካርቦኔቱ (የደምን አሲድ የሚያመጣጥነው) እየቀነሰ፣ ዩሪያው (ሌላው ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ) እየጨመረ ከሆነ ስጊ። አንዱ ብቻውን አይናገርም፤ አብረው ወዴት እየሄዱ እንደሆነ ነው የሚታየው።

ኮምፒውተርም ተሞክሯል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ዲፕማይንድ የተባለው የጉግል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት ከ700 ሺህ በላይ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን መዝገብ ተጠቅሞ ጉዳቱን እስከ 48 ሰዓት ቀድሞ ለመተንበይ ሞክሮ ነበር። ከግማሽ ትንሽ በላዩን አገኘ፤ ግን ለአንድ እውነተኛ ማንቂያ ሁለት የሐሰት ነበረው። መረጃውም አብዛኛው የወንዶች ነው። እኛ ጋ ወባ ይዞት፣ በዚህ ሙቀት ውሃው አልቆ ለሚመጣ ሰው እንዳለ አይገለበጥም።

ቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ ኩላሊት ሊጎዱ የሚችሉ እንደ ጄንታማይሲን (አንቲባዮቲክ) ወይም ዳይክሎፌናክ (ማስታገሻ) ያሉ መድኃኒቶች ታዘው ከሆነ ያኔውኑ «ይቁም ወይ?» ብለሽ ትጠይቂያለሽ።

ላብ ቴክኒሻን (ሳቢያን)
ከላብ በኩል ሁለት ነገር ልጨምር። ማሽናችሁ በጃፌ ዘዴ (ክሪያቲኒንን በቀለም ለውጥ የሚለካ) የሚሠራ ከሆነ፣ ቢሊሩቢን ሲበዛ ክሪያቲኒኑን ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሕመምተኛ እውነተኛ ቁጥሩ ከ0.9 በላይ ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው። ሌላው ኩላሊት ሲደክም የሚጨምረው ፖታሺየም ነው። ደሙን በስሪንጅ ገፍታችሁ ቱቦ ውስጥ ስትጨምሩ ሴሉ ይፈነዳል፣ ፖታሺየሙ በሐሰት ይወጣል። ቀላ ያለ ሴረም ካየን እንደገና ላኩ የምንላችሁ ለማስቸገር አይደለም። እባካችሁ ደግሞ የግል ክሊኒክ ውጤት ከእኛ ጋር አታወዳድሩ፣ ማሽኑ ይለያያል።

የከዚራዋ ነርስ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባታችን ትናንት ማታ በሰዓት 40 ሚሊ እየሸኑ አደሩ። ከረጢቱን በየሰዓቱ ጎንበስ ብዬ ሳይ ነው ያደርኩት።

ቻርቱ ላይ በማስመሪያ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፤ «የመጀመሪያ ቀን» የሚል። ዛሬ ሦስተኛው አልጋ ላይ አዲስ እናት ገብተዋል፣ 0.7። በቀይ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። ከጎኑም «1.0 ከሆነ ዶክተሩን ጥሩ» ብዬ ለቀጣዩ ተረኛ አስፍሬያለሁ።